ባሌ በልቡ ሲጸልይ

ባሌ በልቡ የሚጸልይ ይመስለዋል። ዕድሜው ያለቀው ማተሚያ ቤት ወረቀት ሲቆርጥ ነው፤ የመቁረጫው ማሽን ጆሮውን ቀስ በቀስ በልቶታል፤ እሱ ግን ያረጀው ማሽኑ እንጂ ጆሮው አይመስለውም። ጠዋት ጠዋት አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ፣ አንዱን ካልሲ በእጁ እንደያዘ፣ ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ ጸለይኩ ብሎ የሚያስበውን ጸሎት እኔም፣ ከኮምፖርሳቶው ግድግዳ ወዲያ የምትተኛው ታላቅ እህቱ እትዬም እንሰማዋለን። ነፋሱ ወደዚያ ከሆነ ጎረቤትም ይሰማዋል። እስከ ዛሬ ማናችንም አልነገርነውም። ብንነግረው ያፍራል፤ ካፈረ ዝም ይላል፤ ዝም ካለ ደግሞ ምን እንደሚያስብ በምን እናውቃለን? ሰውዬው ለእግዚአብሔር እንጂ ለሰው የሚናገር ፍጡር አይደለም። ደሞዝ የተጨመረለት ጊዜ የሰማሁት ሲያመሰግን ነው። ሐኪሙ ስለ ኩላሊቱ ያለውን የሰማሁት ሲለምን ነው።

የዛሬው ምስጋና ነበር። "ጌታ ሆይ፣ በር ስለከፈትክልን አመሰግንሃለሁ" ብሎ ጀመረ። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተኝቻለሁ። "ለዚህ ቤት ደህና ገዢ ስላመጣህ፣ የወንድሜን የጋሼንም ልብ ስላራራህ፣ ሁለት ክፍል ቤት፣ መታጠቢያው ከውስጥ የሆነ፣ ስላዘጋጀህልን።" እዚህ ላይ ነቃሁ። ካልሲውን አጠለቀ መሰለኝ፣ አልጋው ተንቀሳቀሰ። "የእህቴን ነገር ግን አንተ ታውቃለህ። ከእኛ ጋር እንድትሆን ቦታው አይበቃም። ጋሼ አንድ ክፍል እንከራይላታለን ብሏል፤ እስከ መቼ እንደሚከፍል አላውቅም። እንዴት እንደምነግራት እኔ አላውቅበትምና አፍ ስጠኝ።" አፉንማ ሰጥቶሃል ማለት አማረኝ። ከግድግዳው ወዲያ ሲንቋቋ የነበረው የእትዬ አልጋ ቀጥ አለ። እትዬ ሁልጊዜ ሲጨርስ ጠብቃ፣ እሱ ባይሰማትም፣ ቀስ ብላ "አሜን" ትላለች። ዛሬ አላለችም።

እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ ጆሮዬ ውስጥ የገባው ስለ እትዬ ያለው አይደለም። መታጠቢያው ከውስጥ የሆነ የሚለው ነው። የእኛ መታጠቢያ ግቢው ጥግ ላይ በቆርቆሮ የታጠረ፣ ጣሪያው ግማሽ የሆነ፣ በሩ በሽቦ የሚታሰር ነገር ነው። ከቤት እስከዚያ ያለው መሬት ዝናብ ከዘነበ ጭቃ ስለሆነ፣ ታጥቦ መመለስ ማለት እግርን አቆሽሾ መመለስ ነው። ጠዋት ባልዲ ይዤ ስሻገር ቀኝ ጉልበቴ ይጮኻል፤ የእትዬማ ሁለቱም አብረው ነው የሚጮኹት። ልጃችን አግብታ ሩቅ ከተማ ከሄደች ወዲህ ለራሴ የለመንኩት ነገር ቢኖር ይኸው መታጠቢያ ነው። ቪላ አልለመንኩም፤ መኪና አልለመንኩም። ስለዚህ ልቤ ዘለለ። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ የእትዬ ዝምታ ትዝ አለኝና ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳብኩት።

ቤቱ የአባታቸው ነበር። አባትየው ሲሞቱ ወረቀቱ በሁለቱ ወንዶች ስም እንዲዞር ያደረገችው ራሷ እትዬ ናት። "እኔ የት እሄዳለሁ፣ ከእነሱ ጋር ነኝ፤ ወረቀት የሚያስፈልገው ለወንድ ነው" አለች ይባላል። እናታቸው ቀድመው ስለሞቱ ባሌን አጥባ አብልታ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ሳታገባ የቀረችውም በእሱ ምክንያት ነው ይላሉ። እሷ ግን ይኼን ስትሰማ "የሚጠይቅ ጠፍቶ ነው፤ ወንድሜ ላይ አታሳቡ" ትላለች። አሁን በመንገድ በኩል ያለው ክፍል የእሷ ነው። መስኮቱ ሥር ጠረጴዛ ዘርግታ የሰፈሩን ሸሚዝ ትተኩሳለች። ሰው ወደ ሥራ ሲሄድ በመስኮቱ ይሰጣታል፣ ሲመለስ በመስኮቱ ይቀበላታል። አብዛኛው ሰው ከወገቧ በታች አይቷት የሚያውቅ አይመስለኝም።

ሦስታችን ሻይ በዳቦ ስንበላ አንድ ሰው አፍ አውጥቶ የተናገረው ነገር ቢኖር ባሌ "ስኳር አለ?" ያለው ብቻ ነው። ስኳሩ ፊቱ ነበር። እትዬ ዳቦዋን በትንሽ በትንሹ እየቆረሰች ጠረጴዛው ላይ ደረደረችው እንጂ አልበላችውም። ከሦስታችን አንዱ ብቻ ምንም እንዳልተሰማ ያስባል፤ እሱም ነገሩን የተናገረው ሰው ነው። አፌ ላይ ደርሶ የተመለሰ ብዙ ነገር ነበር፤ ግን ምን ብዬ ልጀምር? እትዬ ሆይ፣ ሰምተሻል ወይ ልበላት? እንደሰማች አውቃለሁ፤ እንደማውቅም ታውቃለች። ልወጣ ስነሳ የሥራ ጋውኔን እንደ ሁልጊዜው ተኩሳ በሩ ላይ ሰቅላልኛለች። "ዛሬ ኮሌታው እምቢ አለኝ" አለች። ኮሌታው ምንም አልሆነም ነበር። "እግዜር ይስጥልኝ" ብዬ ለበስኩት፤ ጀርባዬ ላይ ገና ይሞቅ ነበር።

መንገድ ላይ ያሰብኩት አባቴን ነው። አባቴ የቤተ ክርስቲያን በር ጠባቂ ሆኖ ነው የኖረው፤ ለልጆቹ ያወረሰን አንድ ጸሎት ነው። "አምላኬ ሆይ፣ ማስተዋልን ስጠኝ፤ የሚበቃኝን አንተ ታውቃለህ።" ሌላ ልመና አይወድም ነበር። ሰሎሞን ጥበብን ለመነ፣ ብልጽግናውም ተጨመረለት ብለው ሲሰብኩ በሩ ላይ ቆሞ ፈገግ ይል ነበር። እኔ አንድ ቀን ተናድጄ "አንተስ ምን ተጨመረልህ?" አልኩት። "ቁርጥማት" አለ። ደግሞ ትንሽ አስቦ "ስለ ተጨማሪው እኮ አልተዋዋልንም" አለኝ። ያን ጸሎት እኔም ብዙ ዓመት ጸልዬው ነበር። መቼ እንደተውኩት አላውቅም። ሰው ሲደክመው ልመናው እያጠረ ይሄዳል፤ እኔ ዘንድ አጥሮ አጥሮ ባልዲና ሙቅ ውሃ ላይ ደርሷል።

የምሠራው መጋረጃ ቤት ነው። አሠሪዬ ጨርቁን በሜትር ትሸጣለች፣ እኔ እሰፋለሁ፤ ቤት ድረስ ሄዶ መለካትና መስቀልም የእኔ ሥራ ነው። የአንዱ ጨርቅ የሜትር ዋጋ የእኔን የሦስት ቀን ደሞዝ ይበልጣል፤ ደንበኛዋ ግን ጨርቁን በጣቷ አሸት አድርጋ "ከዚህ ወፈር ያለ የለም?" ትላለች። መጋረጃ ቆንጆ የሚሆነው ለመስኮቱ ስፋት እጥፍ ጨርቅ ሲያዝለት ነው፤ ትርፉ በሽብሽብ ያልቃል። ይኼን ለደንበኛ ማስረዳት የሥራዬ ግማሽ ነው። አንዳንዷ "መስኮቴን እኮ ነው የምሸፍነው፣ ለምን እጥፍ እከፍላለሁ?" ትልና ልክ በልኩ ታሰፋለች። ሲሰቀል አንሶላ ይመስላል። ዛሬ ጠዋቱን ሙሉ ግራጫ መጋረጃ ስሸበሽብ ዋልኩ። ክሩ ሦስት ጊዜ ተበጠሰብኝና አሠሪዬ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ "አሞሻል እንዴ?" አለችኝ። "እንቅልፍ ነው" አልኳት።

ምሳ ሰዓት ላይ ጋሼ መኪናውን ሱቁ በር ላይ አቆመ። ጋሼ የባሌ ታላቅ ወንድም፣ የእትዬ ታናሽ ነው፤ ቆርቆሮና ቀለም ይነግዳል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ነገሩ ይቀለኝ ነበር። ለቅሶ ቤት ቀድሞ የሚደርስ፣ ለቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ቆርቆሮውን በነጻ የሰጠ ሰው ነው። ብቻ እሱ የፈለገውን ነገር እግዚአብሔርም የፈለገው ይመስለዋል። "ነይ ግቢ፣ አንድ ነገር ላሳይሽ" አለኝ። ስንት ዓመት ሙሉ አንቱ ስለው የኖርኩ ሰው ነውና ወዴት ነው ብዬ እንኳ አልጠየቅኩም። መኪናው ውስጥ መዝሙር ከፍቶ ነበር፤ እኔ ስገባ ትንሽ ቀነሰው።

ያሳየኝ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ ገና አልተገጠመምና በደረጃ ወጣን፤ እሱ እያለከለከ "ይኼ ለጤናም ጥሩ ነው" አለ። ሁለት ክፍል ነው፤ ሳሎንና መኝታ፤ ወጥ ቤቱ ሰው ቆሞ የሚዞርበት ያህል። ግድግዳው ትኩስ ቀለም ይሸታል። የመስኮቱ መስታወት ላይ የፋብሪካው ወረቀት ገና አልተላጠም። እጄ ሳያማክረኝ ከኪሴ ሜትሬን አወጣ፤ መስኮቱን ለካሁት፤ ከዚያ የመኝታ ቤቱንም ለካሁት። ሳሎኑ ላይ ክሬም፣ መኝታ ቤቱ ላይ ወፈር ያለ፣ እጥፍ ጨርቅ፣ ሽብሽቡ ቆንጆ ሆኖ። ጋሼ በሩ ላይ ቆሞ እያየኝ ሳቀ። "አየሽ፣ ወደድሽው" አለ። ወድጄዋለሁ። ያልወደድኩት አስመስዬ መናገር አልችልም።

መታጠቢያ ቤቱን ያሳየኝ በመጨረሻ ነው፤ ነጋዴ ነው፣ ያውቅበታል። ነጭ ሴራሚክ እስከ ወገብ፣ ሻወር፣ ከላይ የውሃ ማሞቂያ። ቧንቧውን ከፈትኩት። መጀመሪያ ቀዝቃዛ መጣ፣ አንዴ ተፍ ተፍ አለ፣ ከዚያ ሞቀ። እጄን ከሥሩ አደረግኩ። የክር ቁራጭ ከጣቴ ላይ ታጥቦ ወረደ። ሙቀቱ በአንጓዬ ገብቶ እስከ ክርኔ ሲወጣ ታወቀኝና፣ ማልቀስ እንኳ ባይሆን እንባዬ መጣ። ስንት ዓመት ደክሞኝ እንደኖርኩ ያወቅኩት እዚያ ቆሜ ነው። ጋሼ ከኋላዬ ሆኖ ስለ ገዢው ያወራል፤ ቦታውን ለመጋዘን ነው የሚፈልገው፤ የጋሼ ድርሻ በገንዘብ ይከፈላል፣ የእኛ ድርሻ ይኼ ቤት ይሆናል። "ነገ ጠዋት ከባልሽ ጋር መጥተሽ ትፈርሚያለሽ። የሚስት ፊርማ ከሌለበት አይቀበሉም" አለ። ቧንቧውን ዘጋሁት።

"እትዬስ?" አልኩት።

"እትዬን ደግሞ ማን ይጥላታል? አንድ ክፍል አይቼላታለሁ። ከከተማው ወጣ ይላል እንጂ አየሩ ጥሩ ነው።"

"እዚያ ሸሚዝ የሚያስተኩስ ሰው አለ?"

"በዚህ ዕድሜዋ ምን ሥራ ያስፈልጋታል? ትረፍ እንጂ።"

"ኪራዩ እስከ መቼ ነው የሚከፈለው?"

"እግዚአብሔር እስካለ ድረስ ምን ታስቢያለሽ" አለና ቁልፉን እጁ ላይ አንቀጫቀጨው። "ጸልየንበት ነው እኮ የተገኘው። ባልሽ አልነገረሽም?"

እግዚአብሔርማ ሁልጊዜም አለ፤ እኔ የጠየቅኩት ስለ እርስዎ ነው ማለት ነበረብኝ። ወረቀቱ ላይ ስሟ የሌለው እናንተን አምና ነው ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ሱቁ በር ላይ አውርዶኝ ከሄደ በኋላ ሁሉንም ለልብስ ስፌት መኪናዬ ነገርኳት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው። ከሰዓቱን ሁሉ ስሰፋ አእምሮዬ ያን ቤት ሲያስተካክል ዋለ። የእትዬን አልጋ ሳሎኑ ውስጥ ከተትኩት፤ ገባ። የመተኮሻ ጠረጴዛዋን ከተትኩት፤ በሩ አልዘጋ አለ። በሩን ትቼ ሶፋውን አወጣሁ፤ ገባ። ግን አራተኛ ፎቅ ድረስ ሸሚዝ ተሸክሞ የሚወጣ ማን ነው? ደረጃውንስ በየትኛው ጉልበቷ ትወርደዋለች? ቤቱን በየትም በኩል ባዞረው እትዬ በገዛ ወንድሟ ቤት እንግዳ ሆና ከመኖር አታልፍም። አሠሪዬ ስትወጣ "አምላኬ ሆይ፣ ማስተዋልን ስጠኝ" ልል ሞከርኩ። አፌ ላይ እንግዳ ሆነብኝ። ደግሞም ፈራሁት፤ የሚመጣው መልስ ምን እንደሚያስከፍለኝ አውቄዋለሁ።

ወደ ቤት በእግሬ ሄድኩ። ዳቦ ገዛሁ፤ ዳቦው ካለፈው ሳምንት አንሷል፣ ዋጋው ያው ነው፤ ሻጯ ፊቴን አይታ "እኔ አይደለሁም የማሳንሰው" አለችኝ። እትዬ መስኮቷ ሥር ቆማ የአስተማሪውን ሸሚዝ ትተኩሳለች። ካውያውን ሳታቆም ቀና ብላ አየችኝ።

"ቀለም ቀለም ትሸቻለሽ" አለች።

እጅጌዬን አየሁት፤ እሷ የተኮሰችው ጋውን ላይ የጥፍር ያህል ነጭ ቀለም ነክቶታል። "በነጭ ጋዝ ይለቃል፣ አውልቂና ስጪኝ" አለች። አውልቄ በመስኮቱ ሰጠኋት፤ እንደ ደንበኛ ሁሉ ውጭ ቆሜ።

"ሙቅ ውሃ አለው?"

"አለው።"

"ከቧንቧው?"

"ከቧንቧው።"

"እሰይ" አለች። ሸሚዙን ገልብጣ ጀርባውን መተኮስ ጀመረች። "ጉልበትሽን ይሻልሻል።" ድምጿ ውስጥ አንዳች የአሽሙር ነገር ፈለግኩ፤ ቢኖር ደስታዬ ነበር፣ እኔም እቆጣ ነበር። የለም። ሴትየዋ ስለ ጉልበቴ ደስ ብሏታል። እኔ እዚያው ዳቦዬን አቅፌ ቆሜ ቀረሁ።

እራት እንደበላን እንጸልያለን። ይኼ የቤታችን ሥርዓት ነው። በቤታችን ጠብ የለም፤ ጸሎት አለ። ባሌ ወጡ ጨው ከበዛበት "ጌታ ሆይ፣ የምግብ አብሳዮችን እጅ ባርክ፣ መጠንንም አስተምር" ይላል። እኔም ተራዬ ሲደርስ "ጌታ ሆይ፣ ካልሲውን የትም የሚጥለውን ሰው ዓይኑን አብራለት" እላለሁ። እትዬ መሐል ላይ ሆና ለሁለታችንም ትለምናለች። ዓይን ይጨፈናል፤ ስለዚህ ማንም የማንንም ፊት አያይም፤ ስለዚህ ሁሉም የልቡን ይናገራል። መጨረሻ ላይ የምጸልየው እኔ ነኝና አሜን ስል ሁሉም ተነስቶ ወደ ሥራው ይሄዳል። ነገሩም እዚያው ያልቃል፤ ለእግዚአብሔር የተነገረን ነገር ማን ደግሞ ያነሳዋል?

ዛሬ ገና ሳይመሽ ተቀመጥን። ባሌ ጀመረ። "ጌታ ሆይ፣ የተከፈተልንን በር በገዛ እጃችን እንዳንዘጋ ጠብቀን። በአንድ ልብ አድርገን። በተለይ ነገ ጠዋት ስንፈርም።" ተለይቶ የተጸለየለት ልብ የእኔ እንደሆነ ገባኝ፤ ጋሼ ቤቱን እንዳሳየኝ በስልክ ነግሮታል ማለት ነው። ከዚያ የእትዬ ተራ ሆነ። እትዬ ጸሎቷ ዝግ ያለ ነው፤ የዛሬው ደግሞ እስትንፋስ ይመስል ነበር። "ጌታ ሆይ፣ ወንድሜ እንዴት እንደሚነግረኝ ጨንቆት አፍ ስጠኝ ሲልህ ሰምቼዋለሁ። አትቸገር፤ እኔ አውቄዋለሁ። እሱን ሰላም ስጠው። የእሷንም እጅ ነገ ስትፈርም አታስጨንቅብኝ። ብዙ ደክማለች፣ ሙቅ ውሃ ይገባታል። እኔን የሄድኩበት አንድ መስኮት አታሳጣኝ።"

"አሜን" አለ ባሌ፣ ጮክ ብሎ። አንዲት ቃል አልሰማም። ሹክሹክታዋ ሲቆም ጊዜ የጨረሰች መስሎት ከልማዱ ነው ያለው።

የእኔ ተራ ደረሰ። ዓይኔን ጨፍኜ "አምላኬ ሆይ" አልኩ። ማስተዋልን ስጠኝ ልል ነበር፤ ግን ተሰጥቶኛል። ገና ከጠዋቱ፣ ብርድ ልብሱ ውስጥ ሳለሁ ተሰጥቶኛል፤ ቀኑን ሙሉ ስሸሸው ዋልኩ እንጂ። አባቴን ስለ ተጨማሪው ስለጠየቅኩት ይቅር ይበለኝ ብዬ አሰብኩ። ያ ነጭ ሴራሚክ ትዝ አለኝ፤ ክሬሙ መጋረጃም ትዝ አለኝ፤ ሁለቱንም ልቤ እያዘነ ለቀቅኳቸው። ዓይኔን ገለጥኩ። ሁለቱም ጨፍነው ይጠብቁኛል። የባሌ ፊት ከእንቅልፉ እንዳይቀሰቅሱት የሚፈራ ልጅ ፊት ይመስላል። በዚህ ቤት ስኖር በጸሎት ሰዓት ፊቱን አይቼው አላውቅም ነበር። ጉልበቱን ነካሁት።

"ዓይንህን ግለጥ" አልኩት።

"ምን?"

"ዓይንህን ግለጥ!"

"ጸሎት ላይ ነን እኮ።"

"እግዚአብሔር ሰምቷል። አሁን የምናገረው ለአንተ ነው።" ድምፄን ከፍ አደረግኩ፤ ጎረቤት ቢሰማም ይስማ። "ጠዋት ጠዋት በልብህ የምትጸልየው ይሰማል። እኔ እሰማዋለሁ፤ እትዬም ትሰማዋለች።"

መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ሲገባው አየሁት፤ ከአንገቱ ጀምሮ ቀላ። ወደ እህቱ ዞረ። እትዬ ዓይኗን ገልጣ እጇን ታያለች።

"ሁሉንም?" አላት።

"ሁሉንም" አለች፣ እንዲሰማት ጎላ አድርጋ።

"የዛሬውንም?"

እትዬ ዝም አለች። ዝምታዋን ግን ሰማው። "ነገ አልፈርምም" አልኩት። "ቤቱ ደስ ይላል። በጣም ነው የወደድኩት፤ መስኮቱን እንኳ ለክቼዋለሁ። ግን አልፈርምም። እሷ አምናችሁ ስሟን ተወች፤ እኔ ስሜን አስቀምጬ እሷን አላስወጣትም።" ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ። ወንድሙን እንደሚፈራ አውቃለሁ፤ እስከ ዛሬ እምቢ ብሎት አያውቅም። እሱ ግን ጠረጴዛው ላይ ያለውን የዳቦ ፍርፋሪ በጣቱ እየለቀመ ብዙ ቆየ፣ ከዚያ ተነሳና ወጣ። በሩን አልዘጋውም። ወደ ጋሼ ሊደውል ነው ብዬ አሰብኩ። እትዬም እንደዚያ አሰበች መሰለኝ "ባትናገሪው ይሻል ነበር" አለችኝ። "እኔ ለምጄዋለሁ።"

ግቢ ውስጥ የባልዲ ድምፅ ተሰማ። ቆይቶ ትልቁን ድስት ውሃ ሞልቶ ገባ፤ ማንንም ሳያይ ምድጃው ላይ ጣደው፤ አጠገቡ ቆሞ እስኪፈላ ጠበቀ። እኔም እትዬም ከወንበራችን አልተነሳንም። ሲፈላ በፎጣ ይዞ ተሸክሞት ወጣ፤ ጭቃው ላይ እየተጠነቀቀ ሲራመድ ይሰማል። ከዚያ የበሩ ሽቦ ሲፈታ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ሲቀላቀል ተሰማ፤ ደግሞ ጸጥ አለ። በእጁ እየለካው ነበር መሰለኝ። "እትዬ!" ብሎ ተጣራ፤ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶታል። "ሳይቀዘቅዝ ነይ!" እትዬ እኔን አየችኝ። "ሂጂ እንጂ" አልኳት። ፎጣዋን ፈልጋ ወጣች፤ እሱ ክንዷን ይዞ ጭቃውን አሻገራት።

ለእኔ ለብ ያለው ተረፈኝ። ቆርቆሮው ውስጥ ገብቼ በሩን በሽቦ አስሬ፣ በጣሳ እየቀዳሁ አፈሰስኩት፤ ከላይ በግማሹ ጣሪያ በኩል ነፋስ ይገባል። ጉልበቴ እንደ ሁልጊዜው ጮኸ። ጸሎታችንን አሜን ሳንለው መነሳታችን ትዝ አለኝ። ባሌ ውጭ ባዶውን ባልዲ ይዞ፣ ስጨርስ ሊያሻግረኝ ቆሟል። በልቡ ሲጸልይ ሰማሁት።

"ጌታ ሆይ፣ ጋሼን አሁን ምን እለዋለሁ?"

"ሚስቴ እምቢ አለች በለው!" ብዬ ከውስጥ ጮኽኩ።

ባልዲውን ሲያስቀምጥ ሰማሁት። ከዚያ "እሺ" አለ። ለእኔ ይሁን ለእግዚአብሔር አልጠየቅኩትም።